የባላጋራው ንባብ

በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ከተሾሙ ዳኞች ሁሉ ብርቱው፥ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ካባ ደርቦ በችሎት የሚሰየመው ዳኛ አይደለም፤ እርሱ ቢፈርድ ይግባኝ አለበት፥ ቢያዳላ ታዛቢ አለበት፥ ቢሳሳትም ፍርዱ ከተጻፈበት መዝገብ ተፍቆ ሊታረም ይቻላል። ብርቱውና አስፈሪው ዳኛ፥ ከሰው ሁሉ ቃል መካከል «ይህ ይነገር፥ ይህ ይቅር» ብሎ የሚለየው፥ በእጁ ከአንዲት ቀይ እርሳስ በቀር ሰይፍም ዘንግም የሌለው፥ የጋዜጣ አዘጋጅ የሚባለው ነው፤ የእርሱ ፍርድ ተከሳሹ መከሰሱን ሳያውቅ ይፈጸማል፥ የተቀጣውም ሰው የቅጣቱን ወሬ የሚሰማው ከመንገደኛ አፍ ነው። ሊቃውንት ዳኝነትን የእውቀት ፍሬ ያደርጉታል፤ እኔ ግን በዘመኔ ካየሁትና በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ፥ ዳኝነት ከእውቀት ይልቅ የወዳጅነት ፈተና ነው እላለሁ፤ ሰው በማያውቀው ላይ ሲፈርድ ሕግ ይጠቅሳል፥ በሚያምነው ወዳጁ ላይ ሲፈርድ ግን ማንነቱ ይገለጣል።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ክረምት፥ በወጣትነታችን የተማርንበት የመምህራን ማሠልጠኛ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፥ ያን ጊዜ እናዘጋጃት ለነበረችው ለ«ማኅቶት» ጋዜጣ የመታሰቢያ መጽሐፍ ሊያሳትም አስቦ፥ ከቀድሞ ባልደረቦቿ በሕይወት ካለነው አንዱ ስለ ሆንሁ፥ «ስለ ማኅቶት አዘጋጆች ጥበብና ማስተዋል ጥቂት የምስጋና ቃል ጻፍልን» ሲል ላከብኝ። የላኩብኝ ሰዎች ደጎች ናቸው፥ ክፉ አላሰቡም፤ የሆነውንም ነገር አያውቁም። ምስጋናውን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ቀጸላ የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ቢወዱ ያትሙት፥ ባይወዱ ለባለሱቁ ሰጥተው ስኳር ይጠቅልሉበት።

ማሠልጠኛው ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የተሠራ፥ ባሕር ዛፍ የከበበው፥ በግርጌው ወንዝ የሚያልፍበት ትምህርት ቤት ነበረ። ማኅቶትም በየሐሙሱ የምትወጣ፥ በስቴንስል ተጽፋ በእጅ በሚዞር ማባዣ የምትታተም፥ ቀለሟ በወረቀቱ ላይ ከሚያርፈው ይልቅ በእጅጌያችን ላይ የሚቀረው የሚበዛ፥ ሆኖም ተማሪው ከምሳው አስቀድሞ የሚሻማት ጋዜጣ ነበረች። ዋና አዘጋጇ ዲበኩሉ ይባላል፤ በዕድሜም በትምህርትም የሚበልጠን፥ ከቅኔ ቤት ወደ ዘመናዊ ትምህርት የተሻገረ፥ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳመጠውን ነገር አንዲት ቃል ሳይገድፍ መልሶ የሚናገር፥ ረጅም፥ ቀጭን፥ ዝግ ያለ ሰው ነበረ። እወደው ነበር። ይህን ሳልሸሽግ አስቀድሜ የምናገረው፥ አንባቢ ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ የጠላት ወሬ ነው ብሎ እንዳይንቀው ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌን ባቀረብሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀይ ሠርዞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ሲያስቀርልኝ፥ «ይህች አንዷ የአንተ ናት፥ ሌላው ሁሉ የብዙ ሰው ነው» አለኝ፤ እኔም ተቀይሜ ሳይሆን ተደስቼ ወደ መኝታዬ ሄድሁ፥ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በፊት የእኔ የሆነ ነገር አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በዚያች ጋዜጣ ከሌላ ከየትም ያልሰማሁት አንድ ልማድ ነበረ። የሰው ስም የሚያነሣ፥ ሰውን የሚወቅስ ወይም የሚሟገትለት ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በአዘጋጆቹ ጉባኤ ፊት ይነበባል፤ የሚያነበው ግን ጸሐፊው አይደለም፥ ዋና አዘጋጁ የሚመርጠው «ባላጋራ» የሚባል ሰው ነው። ባላጋራው ጽሑፉን በጠላት ድምፅ፥ እየተሳለቀና እየነቀፈ ያነበዋል፤ አንብቦም ሲጨርስ ጠላት ሊል የሚችለውን ሁሉ፥ ሳይራራና ሳያፍር፥ ይላል። የሚናገረው የልቡን አይደለም፤ የተሾመበትን ነው። ከዚያ ምላስ በሕይወት ያመለጠ ጽሑፍ ይታተማል፥ ያላመለጠው ይቀራል። ንባቡ ሲያበቃም ከእኛ አንዱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይነሣና ባላጋራውን እንደ ተመጋቢ እጁን ያስታጥበዋል፤ ይህም፥ የተናገርኸው ሁሉ ከአንተ ታጥቧል፥ ከዚህም በር አይወጣም፥ ማለት ነበር። ልማዱን ከእኛ በፊት የነበሩት የተዉልን ነው ይባላል፤ ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ ልማድ ስንት ግብዝ ጽሑፍ ከውርደት እንደ ዳነ፥ ስንቱም እውነተኛ ጽሑፍ እንደ ጠነከረ እኔ ምስክር ነኝ። እኔም በባላጋራነቴ የታወቅሁ ነበርሁ፤ ዲበኩሉም «ቀጸላ የነከሰው ጽሑፍ ሌላ ውሻ አይነክሰውም» ይል ነበር።

አሁን ወደ አስካለ ነገር ልግባ። አስካለ የክርስትና እናቴ ልጅ ናት፤ በአንድ ግቢ አድገናል፥ በአንድ መኪና ወደ ማሠልጠኛው መጥተናል፥ እናቷም መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት እጄን ይዛ «ልጄን ለማንም አልሰጠኋትም፥ ላንተ ነው የሰጠኋት» ብላኛለች። ያ ዘመን በጋው የበረታበት ነበረና የሴቶች ተማሪዎች ማደሪያ የውኃ ጋን ከደረቀ ሰንብቷል፤ ልጃገረዶቹ ከትምህርት በፊት ባልዲ እየያዙ ወደ ወንዙ ይወርዱና ያን ዳገት ይወጡታል፥ አንዲቱም ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ለዳይሬክተሩ ደጋግመው አመልክተዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ይታሰብበታል» ነበር። በዚህ መካከል ከመዲናይቱ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ኖራ አስቀባ፥ ተማሪውን አሰለፈ፥ ክቡር እንግዳው «ምን ጎደለባችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ምንም» እንድንል አስጠናን። እንግዳውም እንደ ተገመተው በሴቶቹ ሰልፍ ፊት ቆሞ ለወጉ ያህል ጠየቀ። ሁሉም «ምንም» ሊል አፉን ሲከፍት፥ አስካለ ሳትጮኽና ሳትሳቀቅ፥ ሱቅ ገብታ ዕቃ እንደምትጠይቅ ሁሉ፥ «ውኃ፥ ጌታዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ጥበብ አያሻም። እንግዳው ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ፥ ዳይሬክተሩ ወደ መሬት አየ፤ በማግሥቱ አስካለ «በብልግናና ትምህርት ቤቱን በማዋረድ» ከትምህርት ታገደች፥ ፈጽሞ ትባረር ወይም ትመለስ የሚለውንም የመምህራን ጉባኤ ቅዳሜ ሊወስን ተቀጠረ። ከተባረረች በሌላ ማሠልጠኛ የሚቀበላት የለም፤ መምህርነቷም ቀረ፥ የእናቷም ተስፋ አበቃ። ከመምህራኑ እኩሌቶቹ ለእርሷ ያዝኑ ነበርና፥ ተማሪው በጋዜጣው ቢሟገትላት ሚዛኑ ወደ እርሷ ሊያጋድል እንደሚችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሐሙስ ከቅዳሜ በፊት ነው። ዲበኩሉም እርሳሱን አነሣና «በእንተ ውኃ» የሚል ጽሑፍ ጻፈ፤ በሕይወቴ ብዙ አንብቤአለሁ፥ ከዚያ የበለጠ የጠራ፥ የቀናና የደፈረ ጽሑፍ ግን ከተማሪ እጅ ሲወጣ አላየሁም። ሳነበው አለቀስሁ፥ ይህንንም አላፍርበትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ዲበኩሉ ዙሪያውን ተመለከተና «ባላጋራው ቀጸላ ነው» አለ። እኔም ደንግጬ፥ «ዲበኩሉ፥ አስካለ እኮ እኅቴ ናት፤ ሌላ ሰው ምረጥ» አልሁት። እርሱም በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፥ «የመረጥሁህ ስለዚህ ነው፤ ወንድሟ ሆነህ ካልራራህለት ዳይሬክተሩ የሚጨምርበት አይኖረውም። ውለታ ልትውልላት ከሆነ ዛሬ ጨክን» አለኝ። አመንሁት። ተነሣሁና ያን ያለቀስሁበትን ጽሑፍ በፌዝ ድምፅ አነበብሁት፤ ከዚያም ባላጋራ የሚለውን ሁሉ አልሁ። እንግዳ በመጣ ጊዜ የቤት ገመና አይዘረገፍም አልሁ። ጓደኞቿ ሳይወክሏት ስለ ሁሉ መናገሯ ትዕቢት ነው አልሁ። አንድ ጋን ስለ ደረቀ ትምህርት ቤት አይዋረድም፥ ትምህርት ቤት የሚዋረደው ምላሱ ባልተገራ ተማሪ ነው አልሁ። ጠላት ከዚህ የባሰ ምን ሊል ይችላል ብዬም ከራሴ ጋር ተሟገትሁና፥ በመጨረሻ፥ «ውኃ የጠማት መስሏችኋል፤ አስካለን የጠማት ጭብጨባ ነው» አልሁ። ዲበኩሉ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ነበር፤ ገልጦም «ግሩም ባላጋራ!» ብሎ ተነሥቶ አቀፈኝ፥ ጽሑፉንም ላነሣሁት ነቀፋ ሁሉ መልስ በሚሆን አኳኋን እዚያው አቃናው። ያ ሲሆን አንዱ ባልደረባችን እንደ ልማዱ ሊያስታጥበኝ ማንቆርቆሪያውን ቢያዘነብል ከጠብታ በቀር የሚወርድ ጠፋ፤ ጋኑ ደርቋልና። ሁላችንም ሳቅን። ዲበኩሉም «ለሌላ ቀን ይቆይልህ» አለኝ፥ እኔም እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወጣሁ።

ረቡዕ ዳይሬክተሩ ዲበኩሉን አስጠራው። በዚያ ክፍል የተባለውን የማውቀው ዲበኩሉ ራሱ፥ የሠራውን መልካም ሥራ እንደሚያወሳ ሰው ያለ አንዳች እፍረት፥ በኋላ ስላጫወተኝ ነው። ዳይሬክተሩ አልተቈጣም፥ አላስፈራራም፤ ወንበር ሰጠው። ጋዜጣዋ የምትታተምበት ማባዣ የትምህርት ቤቱ ንብረት መሆኑን በጨዋታ መካከል አነሣ፥ ዲበኩሉ በሚመጣው ዓመት ወደ መዲናይቱ ኮሌጅ እንዲሄድ የሚጻፍለትን የድጋፍ ቃልም እንዲሁ አነሣ፥ «ምን እንደምታወጡ ግን እኔ አልነግርህም፤ ፍርዱ የአንተ ነው፥ በማስተዋልህ እተማመናለሁ» ብሎ አሰናበተው። አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ የከፋ ትእዛዝ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም። የታዘዘ ሰው ቢያንስ ታዘዝሁ ይላል፤ ዲበኩሉ ግን ያደረገውን ሁሉ የገዛ ማስተዋሉ አድርጎ እስከ ዛሬ ይኮራበታል።

ሐሙስ ጧት ጋዜጣዋ ወጣች። «በእንተ ውኃ» የለም። በእርሱ ቦታ፥ በመጀመሪያው ገጽ፥ «የአንድ ባልደረባ አስተያየት» የሚል ርእስ ቆሟል፤ ከሥሩ እኔ ማክሰኞ የተናገርሁት ሁሉ፥ የቤቱ ገመና፥ ትዕቢቱ፥ ያልተገራው ምላስ፥ በስተመጨረሻም ያ የጭብጨባ ነገር፥ አንድም ሳይቀር ተደርድሯል፤ ከሁሉም በታች «ቀጸላ» ተብሎ ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፏል። ያነበብሁት ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ነው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ አንዲቱ ቆም ብላ፥ «ይበልህ ቀጸላ፤ ላንተም ይጨበጨብልህ!» ብላኝ አለፈች። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

ወደ ማኅቶት ክፍል ስደርስ ዲበኩሉ ብቻውን ሆኖ የማባዣውን ሲሊንደር በጨርቅ ይወለውል ነበር።

«ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ጋዜጣዋን አዳንኋት።»

«ስሜን ጻፍህበት!»

«ቃሉ የማን ነው ታዲያ?» አለና ጨርቁን አስቀመጠ። «ንገረኝ እስቲ፤ አንዲት ቃል ጨምሬብሃለሁ? አንዲት ቃልስ አጉድያለሁ? ካለ አሳየኝ፥ በሚመጣው ሐሙስ ማረሚያ አወጣለሁ።»

ወረቀቱን ገልጬ ፈለግሁ። ቂልነቴን ተመልከት፥ አንባቢ ሆይ፤ በእርግጥ ፈለግሁ። የተጨመረ የለም፥ የጎደለም የለም፤ ትንፋሽ የወሰድሁበት ቦታ እንኳ ነጠላ ሰረዝ ገብቶበታል።

«የባላጋራ ቃል ከዚህ በር አይወጣም» አልሁት።

«እጁን የታጠበ ባላጋራ ቃል አይወጣም። አንተ አልታጠብህም።»

ሲቀልድ መሰለኝና ፊቱን አየሁ፤ አይቀልድም። በቅኔ ቤት የተሳለው ያ አእምሮ፥ በአንድ ሌሊት ከልማዳችን ውስጥ ቀዳዳ ፈልጎ አግኝቷል፤ ሥርዐቱ አልተፈጸመምና ቃሉ እንደ ተነገረ ይኖራል ብሎ ለራሱ ፈርዷል። ያን ጊዜ የተሰማኝን በሌላ ቃል ልገልጸው አልችልም፤ አባቴ በአደባባይ በጥፊ የመታኝ ያህል አፈርሁ፥ ያፈርሁት ግን ስለ እርሱ ነው። «እሺ፥ ዳይሬክተሩን ፈራህ፤ ሰው ነህ፥ ትፈራለህ። ጽሑፍህን ብትተወው ምን ነበረበት? ነቀፋ ካስፈለገህስ ለምን በስምህ አትጽፈውም?» አልሁት።

«በእኔ ስም ቢወጣ ማን ያምነዋል?» አለኝ ዲበኩሉ፥ እንደ አስተማሪ ረጋ ብሎ። «አንተ ግን ወንድሟ ነህ።»

ቅዳሜ የመምህራኑ ጉባኤ በተቀመጠ ጊዜ ቃሌ ይሰማልኝ ብዬ ለመንሁ፤ ዳይሬክተሩም በደስታ አስገባኝ፥ የጋዜጣዋን አዘጋጆችም አብሮ አስጠራ። አምዱን ከራሱ እስከ ግርጌው ጮኽ ብሎ አነበበና «ይህን ብለሃል?» አለኝ። «ብያለሁ ጌታዬ፥ ነገር ግን በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ» ብዬ ስጀምር፥ «ልማዳችሁን አልጠየቅሁህም፤ ማለትህን ነው የጠየቅሁህ» ብሎ አቋረጠኝና ወደ ባልደረቦቼ ዞረ። «ይህን ሲል በጆሮአችሁ ሰምታችኋል?» አላቸው። አንዱ መሬት መሬት እያየ፥ ሌላው ጣሪያ ጣሪያ እያየ፥ ሁሉም በየተራ «ሰምተናል» አሉ። ከመካከላቸው የዋሸ የለም። «በምን ምክንያት አለ?» ብሎ የጠየቃቸው ስላልነበረ፥ ምክንያቱን የተናገረም የለም፤ ዲበኩሉም ከሁሉ ኋላ ቆሞ እጁን አጣምሮ ያዳምጥ ነበር። ሲያዝኑላት የነበሩት መምህራን፥ «አብሮ አደጓ እንኳ እንዲህ ካላት እኛ ምን እንላለን?» ተባባሉ። አስካለ ተባረረች። የክረምቱ ዝናብ ሳይጥልም የውኃው ጋን ተሠራ፤ ዲበኩሉ ለዳይሬክተሩ የጻፈው የምስጋና ጽሑፍ በማኅቶት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲወጣ ባላጋራ ሳያነበው ነበር።

አስካለ ወደ አገሯ የምትመለስበትን ቀን ጠይቄ አውቶቡስ መናኸሪያ ወረድሁ። ሌሊቱን ሁሉ የምላትን ሳሰናዳ አድሬ ነበር፤ ልማዱን፥ ማንቆርቆሪያውን፥ የዲበኩሉን ማቀፍ ሁሉ ከመጀመሪያው እነግራታለሁ፥ ትቈጣለች፥ ከዚያ ይገባታል ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ። ስደርስ ግን ሣጥኗን በትከሻው ተሸክሞ ወደ መኪናው ጣሪያ የሚያቀብልላት ዲበኩሉ ነበረ። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች፤ ጽሕፈቱን ከሩቅ አወቅሁት፥ «በእንተ ውኃ» ነው፤ ያላሳተመውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ገልብጦ ለመታሰቢያ ሰጥቷታል። በኋላ እንደ ሰማሁት፥ «እኔ ጽፌልሽ ነበር፤ በጉባኤው ግን የከረረ ተቃውሞ ገጠመኝ» ብቻ ነው ያላት። የማን ተቃውሞ እንደ ሆነ አልነገራትም፤ መንገርም አላስፈለገውም።

«አስካልዬ» ብዬ ቀረብኋት።

«ቀጸላ፥ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም፥ አልጮኸችም፤ ያን ቀን በሰልፉ ላይ በተናገረችበት ድምፅ ነው የተናገረችኝ። «ጭብጨባ ነው የጠማት ብለሃል? ወይስ አላልህም?»

«ብያለሁ። ግን ስሚኝ፥ ባላጋራ ተብዬ ነው፥ ልማድ አለን፥ የልቤ አይደለም...»

«ልማድ!» አለች። «እኔን መስደብ ልማዳችሁ ነው?»

«ዲበኩሉ ራሱ ነው የመረጠኝ፤ እዚሁ ነው ያለው፥ ጠይቂው!»

ሁለታችንም ወደ ዲበኩሉ ዞርን። እርሱም በኀዘን ራሱን ነቀነቀና፥ «ቀጸላ፥ አሁን ምን ያደርጋል? መንገደኛ ናት፥ በሰላም ትሂድ» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ቃሉን መርምሬዋለሁ፥ በዚያ ውስጥም ውሸት የለበትም።

አስካለ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ዲበኩሉን ጉንጩን ደጋግማ ሳመችው፥ «እግዜር ይስጥህ፤ አንተ ባትኖር ሰው የለም ብዬ ነበር የምሄደው» አለችው። ወደ እኔ መለስ ብላም፥ «እናቴ ቀጸላስ ምን አለ ብትለኝ ምን ልበላት?» አለችኝ። መልሱን አልጠበቀችም፤ ገብታ ተቀመጠች፥ መኪናውም ተንቀሳቀሰ። አቧራው ሳይበርድ ዲበኩሉ በትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አድርጎ፥ «ማክሰኞ የምናነበው አንድ ጽሑፍ አለ፥ ካንተ የተሻለ ባላጋራ የለኝም፤ አትቅር» አለኝ። እጁን ከትከሻዬ አወረድሁና ሄድሁ፤ ከዚያ በኋላም የማኅቶትን ደጃፍ አልረገጥሁም።

ከእኔ በኋላ የተሾሙት ባላጋሮች፥ የሰሙትን ሰምተዋልና፥ ጠላት የሚለውን ትተው ወዳጅ የሚለውን ብቻ ይሉ ጀመር፤ ንባቡም ማወደሻ ሆነ፥ ጋዜጣይቱም ማንም ሳይዘጋት በምስጋና ብዛት ሞተች። ዲበኩሉ በመዲናይቱ የታወቀ አዘጋጅ ሆነ፥ ስለ ብዕር ታማኝነት በየአዳራሹ ንግግር ያደርጋል፤ የመታሰቢያውም መጽሐፍ መቅድም የእርሱ ነው። እኔ በሩቅ አውራጃ አስተማሪ ሆኜ ኖርሁ። ለክርስትና እናቴ ደጋግሜ ጻፍሁላት፥ አልመለሰችልኝም፤ በሞተችም ጊዜ ቀብሯ ላይ ስደርስ ሰው ገለል ብሎ መንገድ ሰጠኝ እንጂ «ነፍስ ይማር» ያለኝ የለም፥ አስካለም ከሣጥኑ ራስጌ ቆማ አይታኝ ፊቷን መለሰች። ከሳሾቼ ሁሉ እውነት ተናግረዋል፥ እኔም አልካድሁም። በዚያ ቀብር ቆሜ የተማርሁትን፥ ለመታሰቢያው መጽሐፍ የማበረክተው ይኸው ነው፤ እውነትን ከተነገረችበት ስፍራ ነጥቆ በሌላ ስፍራ የሚያቆማት ሰው፥ እስከ ዕለተ ሞቱ መዋሸት አያስፈልገውም።